አባ ቴያር ደ ሻርዳን፦ ድንጋይ ሰብሳቢው ካህን

ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ቆኔ የሚባል የአሮጌ እሳተ ገሞራ ስፍራ አለ። በዚያ አካባቢ ሲሰበር እንደ መስተዋት የሚስል ጥቁርና አንጸባራቂ ድንጋይ ይገኛል፤ እኛ ባልጩት እንለዋለን። ይህ የቆኔ ባልጩት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከዚህ ተነሥቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በድሬ ዳዋ አጠገብ በሚገኝ አንድ ዋሻ ውስጥ እንደ ቢላዋና እንደ ጦር ጫፍ ሲያገለግል ኖሯል። ይህንንም ኢትዮጵያዊው ሊቅ አጋዚ ነጋሽ ከአሜሪካዊ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ2006 ባሳተሙት ጥናት ገልጸውታል፤ በዋሻው የተገኘው ባልጩት ከአሰቦት፣ ከአየሉና ከቆኔ የመጣ መሆኑን የድንጋዩን ንጥረ ነገር መርምረው ለይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያንን ዋሻ ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ።

የአባ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ስም ለብዙ አንባብያን እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ስለ ፍጥረት ጉዞና ስለ ሰው ፍጻሜ በጻፏቸው መጻሕፍትና እነዚያ መጻሕፍት ባስነሡት ረዥም ክርክር ነው። ስለዚያ ክርክር በየጊዜው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንተርከው ግን ብዙ ያልተወራለትን የሕይወታቸውን ክፍል ነው። እኚህ ካህን ዕድሜያቸውን በሙሉ ድንጋይና አጥንት ሰብስበዋል፤ በቤተ መዘክሮች ውስጥ ሠርተዋል፤ በየብስና በባሕር ሣጥን አጓጉዘዋል፤ በትልቁ ቤተ መዘክርና በትንሹ መካከል በሚነሣው አለመግባባትም ልባቸው ተከፍሎ ኖሯል። የተገኘው ነገር የት ይቀመጥ? ማንስ ያጥናው? ለተገኘበት ቦታ ምን ይቅርለት? በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምንኖር ለእኛ ይህ የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም።

አባ ቴያር የተወለዱት ሜይ 1 ቀን 1881፣ በማዕከላዊ ፈረንሳይ በኦቨርኝ አውራጃ፣ ክሌርሞን ፌራን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሳርሰና በምትባል ስፍራ ነው። ኦቨርኝ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች አገር ናት፤ ፈንታሌንና ዝቋላን እያየ ላደገ ሰው የተራሮቿ ቅርጽ እንግዳ አይሆንበትም። ከ11 ልጆች አራተኛው ነበሩ። እናታቸው ጸሎተኛ ሴት ነበሩ፤ አባታቸው ደግሞ ነፍሳትን፣ ዕፅዋትንና ድንጋዮችን የሚሰበስቡና ልጆቻቸውም በየመስኩ ወጥተው እንዲመለከቱ የሚያስተምሩ መኳንንት ነበሩ። ብላቴናው ከሁሉ አብልጦ ብረት ይወድድ ነበር። ከማረሻ የወለቀ ብረት በድብቅ አስቀምጦ የማይጠፋና የማይለወጥ ነገር ያገኘ መስሎት ይደሰት እንደ ነበር፣ ብረቱም መዛጉን ባየ ጊዜ አምርሮ እንዳለቀሰ በኋላ ዘመን ራሳቸው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸው ወደ ድንጋይ ዞረ።

በ1899 በኤክስ አን ፕሮቫንስ ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በፈረንሳይ በገዳማውያን ላይ በወጣው ሕግ ምክንያት ማኅበራቸው ከአገር ሲወጣ እሳቸውም ወደ ጀርዚ ደሴት ሄዱ። ከ1905 እስከ 1908 በካይሮ በቅድስት ቤተ ሰብ ኮሌጅ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተማሩ፤ በዕረፍት ቀናቸውም በፋዩም በረሃ ቅሪተ አካል ይለቅሙ ነበር። ከካይሮ ወደ እንግሊዝ አገር ሄስቲንግስ ተልከው ነገረ መለኮት ተማሩ፤ ኦገስት 24 ቀን 1911 ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ።

በሄስቲንግስ ሳሉ ቻርልስ ዳውሰን ከሚባል የሕግ ባለሙያና የጥንት ነገር ሰብሳቢ ጋር ተዋወቁ። ዳውሰን በ1912 ፒልትዳውን በምትባል መንደር የጥንት ሰው ራስ ቅልና መንጋጋ አገኘሁ ብሎ በለንደን ላለው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰጠ። ወጣቱ ካህንም ከቁፋሮው ተካፍለው በ1913 በዚያው ጠጠር መካከል አንድ የውሻ ክራንቻ የሚባለውን ዓይነት ጥርስ አነሡ። ግኝቱ በዓለም ታወቀ። ዋናዎቹ አጥንቶች ግን በሣጥን ተቆልፎባቸው ተቀመጡ፤ ከየአገሩ የመጡ አጥኚዎች በአብዛኛው የሚሰጣቸው በጄሶ የተሠራ አምሳያ ነበር። አምሳያ ቅርጽን ያሳያል እንጂ የአጥንቱን ዕድሜ፣ በጥርሱ ላይ ያለውን የሞረድ ጭረትና የተቀባውን ቀለም አያሳይም። ስለዚህ የሰው ራስ ቅልና የዝንጀሮ መሰል እንስሳ መንጋጋ በአንድ ላይ ተቀምጠው 40 ዓመት ዓለምን አሳሳቱ። በ1953 ዋናዎቹ አጥንቶች ለኬሚካል ምርመራ በወጡ ጊዜ ማታለሉ ተገለጠ። አባ ቴያር ያን ጊዜ የ72 ዓመት ሰው ነበሩ፤ አንዳንዶች እሳቸውንም እስከ መጠርጠር ደርሰው ነበር። በ2016 የወጣ ሰፊ ምርመራ ግን የተንኮሉ ሁሉ ባለቤት ዳውሰን መሆኑን የሚያሳይ ሆኗል። እኛም ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ተንኮሉ ብለን አይደለም፤ አንድ ቤተ መዘክር ያለውን ከሌሎች ጋር ሳይካፈል ሲቀር ራሱም ያለውን ሳያውቅ እንደሚኖር ስለሚያሳይ ነው።

በ1912 ወደ ፓሪስ ሄደው በብሔራዊው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር፣ በታላቁ ሊቅ በማርሰላን ቡል ሥር መሥራት ጀመሩ። ጦርነቱ መጣና በሞሮኮ ወታደሮች ክፍለ ጦር ውስጥ ቃሬዛ ተሸካሚ ሆኑ፤ በጦርነቱ ሁሉ ከቁስለኞች አጠገብ ቆዩ፤ የጀግንነት ሜዳይም ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ በሶርቦን የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በፓሪስ የካቶሊክ ኮሌጅም ሥነ ምድርን ያስተምሩ ጀመር።

የሕይወታቸውን መንገድ የለወጠው ከቻይና የመጣ ሣጥን ነው። ኤሚል ሊሳን የሚባሉ ሌላ ኢየሱሳዊ ካህን በ1914 ወደ ቲያንጂን ከተማ ሄደው የክፍለ ሀገር ቤተ መዘክር አቋቁመው ነበር። ስሙም የቢጫ ወንዝና የነጭ ወንዝ ቤተ መዘክር ነው፤ ከስሙም እንደሚታየው ሐሳቡ አንድን የወንዝ ተፋሰስ ብቻ፣ ግን ያንን ተፋሰስ በሙሉ፣ በአንድ ቤት መሰብሰብ ነበር። አባ ሊሳን ከበቅሎ ጓዝ ጋር ለብዙ ወራት እየተጓዙ ዕፅዋትን፣ ነፍሳትን፣ ቅሪተ አካልን፣ የገበሬውን ዕቃ ሳይቀር ሰበሰቡ። በ1920 በካንሱ ግዛት በሥርዓቱ ከተመዘገበ የመሬት ንብርብር ውስጥ በቻይና የመጀመሪያ የሆኑትን የጥንት ድንጋይ መሣሪያዎች አገኙ። ይሁን እንጂ ያገኙትን ቅሪተ አካል ለመለየት የሚያስችል መጽሐፍም፣ የሚመዝኑበት ሌላ ስብስብም፣ አማካሪም አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ወደ ፓሪስ ቤተ መዘክር ላኩት። ፓሪስም የማጥናቱን ሥራ ለአባ ቴያር ሰጠች።

በ1923 አባ ቴያር ራሳቸው ወደ ቲያንጂን ተላኩ። ሁለቱ ካህናት በዚያው ዓመት ወደ ኦርዶስ በረሃ ወጥተው ሹዪዶንጎ በሚባለው ስፍራና በሻራ ኦሶ ጎል ወንዝ ዳር ቆፈሩ፤ የጥንት ሰው የሠራቸውን መሣሪያዎችና የጠፉ እንስሳት አጥንቶችን በብዛት አገኙ። ለቅዳሴ የሚሆን ኅብስትና ወይን ባጡበት በዚያ በረሃ አባ ቴያር መላውን ምድር መሠዊያ አድርገው የጻፉት ጸሎት ዛሬም ይነበባል።

በመልካም የተጀመረው ሥራ ግን ውስጡ ሕመም ነበረበት። ገንዘቡንና የማጥኛ መሣሪያውን ያቀረበችው ፓሪስ ናት፤ ቦታውን ያወቀው፣ መንገዱን የመራውና ከአገሬው ጋር የተግባባው ቲያንጂን ነው። ከግኝቱ ትልልቁ ድርሻ ወደ ፓሪስ ተጫነ። በ1928 የወጣው ስለ ቻይና የድንጋይ ዘመን የሚናገረው ታላቅ መጽሐፍ የቡልን፣ የአቤ ብረይን፣ የአባ ሊሳንንና የአባ ቴያርን አራት ስሞች ይዞ ወጣ፤ ይህም በዚያ ዘመን ተራ ነገር አልነበረም፤ ለአገኘው ሰው ከመርማሪው እኩል ክብር መስጠት ነውና። ሆኖም አባ ሊሳን ቤታቸው የትልልቆቹ መጋዘን እንዳይሆን ይሰጉ ነበር። በእኛ አስተያየት ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። አባ ቴያርም ወደ ፔኪንግ ባዘነበሉ መጠን በሁለቱ መካከል የነበረው ወዳጅነት ቀዘቀዘ።

በዚህ መካከል በአባ ቴያር ላይ ሌላ ፈተና መጣ። ስለ ውርስ ኃጢአት የጻፉት አጭር ማስታወሻ ወደ አለቆቻቸው እጅ ደርሶ በፓሪስ የነበራቸውን የማስተማር ሥራ እንዲተዉ ታዘዙ። ታዘዙም፤ በ1926 ወደ ቻይና ተመለሱ። በመርከቡ ላይ ሄንሪ ደ ሞንፍሪድ ከሚባለው፣ በቀይ ባሕር ላይ በንግድና በኮንትሮባንድ ስሙ ከገነነው ፈረንሳዊ ጋር ተገናኙ። አንዱ መነኩሴ፣ ሌላው ሕግ የማይበግረው የባሕር ሰው፤ ወዳጅ የሚሆኑ አይመስሉም ነበር፤ ሆኑ ግን።

በ1928 መጨረሻ አባ ቴያር ወደ ሞንፍሪድ ቤት መጡ። በኦቦክ፣ በጅቡቲ፣ በድሬ ዳዋና በሐረር አገር ድንጋዩን እየመረመሩ እስከ 1929 መጀመሪያ ቆዩ። የመጡበት ያ የባቡር መሥመር ከድሬ ዳዋ አልፎ በአዋሽና በመተሐራ በኩል ወደ አዳማ የሚዘልቀው ነው፤ አዳማም ጣቢያ ሆና ያደገችው በእርሱ ነው። ከድሬ ዳዋ በስተ ደቡብ በገደሉ ላይ ከፍ ብሎ ያለውን፣ ፈረንሳውያኑ ፖርክ ኤፒክ ማለትም የጃርት ዋሻ ያሉትን ስፍራ ሁለቱ ወዳጆች ያዩትና የሞከሩት ያን ጊዜ ነው። በአጭር ቆይታ ያገኙትንም አባ ቴያር በ1930 በፓሪስ በሚታተም የሊቃውንት መጽሔት ላይ አወጡት።

ከዚያ ወዲያ የዋሻው ሀብት ያለፈበትን መንገድ ብንከተል መልካም ነው። በ1933 አቤ ብረይና ፖል ቬርኔርት መጥተው በሥርዓት ቆፈሩ፤ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎችም ብረይ አጠኑ። በዚያ ቁፋሮ የተገኘውን የሰው መንጋጋ ፈረንሳዊው ሊቅ ቫልዋ መርምሮ ጥናቱን በ1951 አሳተመ። በአገራችን ግን የዛሬው ብሔራዊ ሙዚየም ገና ስላልተቋቋመ የተገኘውን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ቤት አልነበረም። ከ1974 እስከ 1976 ዴዝሞንድ ክላርክና ኬኔዝ ዊልያምሰን ዋሻውን እንደገና ሲቆፍሩ ነገሩ ተለውጦ ነበር፤ ስብስቡ በአዲስ አበባ ቀረ። እዚያ በመቅረቱም ከ40 ዓመት በኋላ ሌሎች ሊቃውንት መጥተው በውስጡ ከ4,200 በላይ የሆኑ፣ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም የደረሰ ቀይ ቀለም የሚሰጡ የአፈር ድንጋዮችን አንድ በአንድ አጠኑ፤ በዚያ ዋሻ ሰዎች ከ40,000 ዓመት በፊት ገደማ ቀለም ይፈጩ እንደ ነበር አሳዩ። አጋዚ ነጋሽም የባልጩቱን አገር መርምረው ቆኔ ድረስ የደረሱት በዚሁ ዋሻ ቅርስ ላይ በተደረገው ጥናት ነው።

አባ ቴያር ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በ1929 ቻይና ሲደርሱ በፔኪንግ የቻይና ሥነ ምድር መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆኑ። እዚያ ያገኙት ሥርዓት በቲያንጂን ከሚያውቁት የተለየ ነበር። በዦኩዲያን ለሚደረገው ቁፋሮ ገንዘቡን የሰጠው የአሜሪካው የሮክፌለር ድርጅት ነበር፤ ነገር ግን በ1927 የተፈረመው ውል የሚገኘው ሁሉ የቻይና ሀብት እንዲሆንና ከአገር እንዳይወጣ ያዝዛል። ሊቁ ይምጣ፣ መሣሪያው ይምጣ፣ አጥንቱ ግን አይሄድም ማለት ነው። በ1929 በዲሴምበር 2 ቀን የቻይና ተወላጅ የሆነው ወጣት ፔይ ዌንዦንግ በኋላ የፔኪንግ ሰው የተባለውን ራስ ቅል ከዋሻው አወጣ። አባ ቴያር ከፔይ ጋር ለብዙ ዓመታት ሠሩ፤ የንብርብሮቹን ዕድሜና የእንስሳቱን ዓይነት ለመለየት ረዱ። ፔይም ወደ ፓሪስ ተልኮ በብረይ ዘንድ ተምሮ በ1937 የዶክተርነት ማዕርግ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያን ሁሉ ዘመን ከወጡት ሣጥኖች ይልቅ ይህ የተማረ ሰው መመለሱ ለቻይና የበለጠ ሳይጠቅም አልቀረም።

የዦኩዲያን አጥንቶች ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ነው። በ1941 ጦርነት ሲቃረብ ወደ አሜሪካ በአደራ እንዲላኩ በሣጥን ታሸጉ፤ በዲሴምበር ወር ጦርነቱ ፈነዳ፤ ሣጥኖቹም እስከ ዛሬ የደረሱበት አልታወቀም። ዛሬ ስለ እነዚያ ራስ ቅሎች የምናውቀው ፍራንዝ ቫይደንራይክ አስቀድሞ በጥንቃቄ ያሠራቸው የጄሶ አምሳያዎች፣ ሥዕሎችና መግለጫዎች በኒው ዮርክና በሌሎች ቤተ መዘክሮች ስለ ነበሩ ብቻ ነው። በፒልትዳውን አምሳያው እውነቱን ለመሸፈን አገለገለ፤ በፔኪንግ ደግሞ ከእውነቱ የተረፈው እርሱ ብቻ ሆነ። ልዩነቱ ከጄሶው አይደለም፤ በፔኪንግ ዋናው ክፍት ሆኖ ሲጠና፣ አምሳያውም ከሙሉ መግለጫ ጋር ሲሰጥ ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ ከትረካው ጥቂት ወጣ ብለን ወደ ራሳችን ሸለቆ እንመልከት። ከባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በገደሞታ ኮረብታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ276,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው በ2008 ታውቋል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ በ1963 ዤራር ደከር በሚባል የሆላንድ ተወላጅ ከተገኘ በኋላ፣ ዣን ሻቫዮን ለ30 ዓመታት፣ ቀጥሎም የኢጣልያ ሊቃውንት ቆፍረውበታል፤ በ2024 ስሙን ከባልጩት ከተቀበለው ጎረቤቱ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ያው የአዋሽ ውኃ ነው ቆቃን ሞልቶ፣ በወንጂ በኩል አልፎ የአዳማን እርሻ የሚያጠጣው። በ2000 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የሚመረመረውና የሚጠበቀው በመንግሥት ፈቃድና ቁጥጥር እንዲሆን ደንግጓል፤ ዋናዎቹ ቅሪተ አካላትም በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይቀመጣሉ። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ አጥንት ጠንካራ ካዝና፣ የተመጠነ አየርና ሌት ተቀን ጠባቂ ይፈልጋል።

ነገር ግን በመልካ ቁንጡሬ የተደረገውን ልብ ይሏል። በቁፋሮው ስፍራ ላይ በጎጆ ቅርጽ የማሳያ ቤቶች ተሠርተው መሣሪያዎቹና የቅሪተ አካሉ አምሳያዎች ለጎብኚ ተደርድረዋል፤ በጎምቦሬ ደግሞ የጥንቱ ሰው የረገጠው መሬት እንደ ተገኘ ጣራ ተሠርቶለት ይታያል። ብሔራዊው ዋናውን ይጠብቃል፤ ክልሉ ስፍራውን ይጠብቃል፤ የውጭ አገር ሊቃውንት እውቀታቸውን ያካፍላሉ። በአዲስ አበባም ቢሆን ሕዝብ ቆሞ የሚያየው የድንቅነሽ አጥንት አምሳያ ነው፤ ዋናዋ በካዝና ናት። እንግዲህ ለዋና ከተማው ጎብኚ የበቃ አምሳያ ለሞጆ፣ ለመቂ፣ ለባቱ፣ ለሻሸመኔ ተማሪ የማይበቃበት ምክንያት አይታየንም። በአሰላ የአርሲ ሙዚየም አለ፤ ለእርሱና ለመሰሎቹ ከአዲስ አበባ የሚላክ አንድ ሣጥን የገደሞታ ባልጩት ከነመግለጫው፣ ከሣጥኑም ጋር ለጥቂት ወራት የሚቀመጥ አንድ ባለሙያ ብዙ ነገር ይለውጣል። ከቤተ መዘክሩ የሚሠራ አንድ የአገሬው ወጣት በብሔራዊው ሙዚየም የጽዳትን፣ የምዝገባንና የአምሳያ አሠራርን ጥበብ ተምሮ ቢመለስ ደግሞ ለውጡ ይጸናል። ከዚህ ወገንም የሚሰጥ ነገር አለ፤ ገበሬው በእርሻው መካከል ምን እንዳገኘ፣ ጎርፍ የትኛውን ገደል እንደ ገለጠ አስቀድሞ የሚያውቀው የሸለቆው ሰው ነው። አባ ሊሳን ለፓሪስ የሰጡትም ይህንኑ ነበር።

ወደ ባለ ታሪካችን እንመለስ። አባ ሊሳን በ1938 ቻይናን ለቅቀው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ፤ ያን ሁሉ የሰበሰቡትን ነገር ዳግመኛ ሳያዩ በ1952 ዐረፉ። ስብስባቸው አብዛኛው በቲያንጂን ቆየ። አባ ቴያር የጦርነቱን ዓመታት በፔኪንግ ተዘግቶባቸው አሳለፉ። በ1940 አባ ፒየር ለርዋ ከሚባሉ ወንድም ካህን ጋር አንድ የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ ከቲያንጂኑ ስብስብ ከፊሉም ለጥበቃ ወደዚያ ተዛወረ። መጽሐፋቸውንም በዚያ ጭንቀት ውስጥ ጻፉ፤ ለማሳተም ግን ፈቃድ አላገኙም።

በ1946 ወደ ፓሪስ ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት የልብ ሕመም ጣላቸው። በኮሌዥ ደ ፍራንስ የማስተማር ወንበር ሊያገኙ ሲሉ አለቆቻቸው አልፈቀዱላቸውም፤ ይህንንም ተቀበሉ። በ1951 ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በቬነር ግሬን ድርጅት ሥር ሠሩ፤ በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘው የጥንቱን ሰው ስፍራዎች ጎብኝተዋል። የሰው ዘር መነሻ በአፍሪካ መፈለግ እንዳለበት ካመኑት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ፤ ድንቅነሽ በሐዳር የተገኘችው እሳቸው ካረፉ 19 ዓመት በኋላ ነው።

ኤፕሪል 10 ቀን 1955፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ በኒው ዮርክ ከወዳጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ በድንገት ዐረፉ። መጻሕፍታቸው ከዕረፍታቸው በኋላ ታተሙ፤ በ1962 ቅድስት መንበር በውስጣቸው ስላሉት አሻሚ ቃላት ማስጠንቀቂያ አወጣች፤ በኋላ ዘመን ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 በበጎ አንሥተዋቸዋል፤ በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2023 በሞንጎልያ ቅዳሴ ሲያሳርጉ በኦርዶስ የጸለዩትን ጸሎት አስታውሰዋል።

የአባ ሊሳን ቤተ መዘክር አሮጌው ሕንፃ በ2016 ተጠግኖ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ መደርደሪያዎቹ እንደ ቀድሞው ተጠብቀዋል። አባ ቴያር የተቀበሩት ከኒው ዮርክ በስተ ሰሜን በሃድሰን ወንዝ ዳር፣ የኢየሱሳውያን የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት በነበረው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው በ1970 ለሌላ ትምህርት ቤት ተሸጧል፤ የመቃብሩ ስፍራ ግን አልተነካም። የመቃብራቸው ድንጋይ በጎንና በጎን ካሉት ወንድሞቻቸው ድንጋይ በምንም አይለይም።